አራት ነጥብ

ጣቶቼ ሥራ ለቀቁ፤
መልቀቂያ ሳይጽፉ፣ ወር ቀድመው ሳያሳውቁ።
ሃያ ሦስት ዓመት፣ ደሴ ፍርድ ቤት በር፣
ከጦሳ ጉም በታች የሰው በደል ስቆጥር፣
የጽሕፈት መኪናውን ቀጥቅጠው፣
ኋላም የኮምፒውተሩን ቁልፍ እንደ ምስር ለቅመው
ያኖሩኝ አሥሩ
በኅዳር አንድ ሌሊት ተኮራምተው አደሩ።
ብዕር አይዙ፣ ሻሽ እንኳ አያስሩ።

ሐኪሙ «ነርቭ ነው» አለኝ።
ጎረቤቴ «ዓይን ነው» አለችኝ።
እኔ ግን የቤት ኪራይ ነበረብኝ።

የእህቴ ልጅ ኑረዲን ከኮምቦልቻ መጣ፣
ከጆሮ የሚንጠለጠል ማይክ ከኪሱ አወጣ፤
«አክስቴ ጀማነሽ፣ እጅሽ እንግዲህ ይረፍ፣
አንቺ ተናገሪ፣ እሱ ነው የሚጽፍ።»

ተናገርኩ።
ከግድግዳ ጋር እንደሚጣላ ሰው፣ ብቻዬን ሆኜ አፈርኩ።
ጆሮው ለካ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ የወሎን አፍ አልለመደ፤
እኔ አንድ ስናገር እሱ ሌላ ወለደ።
«ኧረግ!» ብዬ ብደነግጥ «እርግብ» ብሎ ጻፈ፤
ከድንበር ክስ መሃል ነጭ ወፍ አረፈ።

ነጥቡም በአፍ ነው፤ «አዲስ መስመር» በይ፣
«ነጠላ ሰረዝ» በይ፣ «አራት ነጥብ» በይ።
ማታ ቤቴ ገብቼ ከአራጋው ስንጨቃጨቅ
«አልሄድም፣ አራት ነጥብ!» ብለው
ባሌ ትራስ ነክሶ ሲስቅ፣ ሲስቅ።

ያልቻልኩት ሌላ ነው።
ጣት ዝም ብሎ ነው የሚጽፈው።
የሰው ገመና በጣቴ ሾልኮ ወረቀት ሲገባ
ሊስትሮው አልሰማ፣ መንገደኛ አላነባ።
አሁን የሰዓዳን ክስ በእሷው አንደበት፣
«ባሌ ይደበድበኛል» ስል ከደጃፍ፣ በጠራራ ሰዓት፣
ሎተሪ አዟሪው ዞሮ በሐዘን አየኝ፤
ሳይመሽ ቧንቧ ውሃ ደርሶ ወሬው አራጋውን አሳማብኝ።
ሳቅኩ። ኋላ ግን አልሳቅኩም።
በጣቴ ስጽፈው የሰው ነበረ፤
ባፌ ሲያልፍ ግን ከጉሮሮዬ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ሴቶቹን ከፎቶ ኮፒው ጓዳ አስገባለሁ፣
በር ዘግቼ እናገራለሁ።
ለሹክሹክታ ጆሮ የለውም፤
ጮክ ካላሉት ሕመም አይገባውም።
መብራት ሲሄድ ደግሞ እሱ ደንቆሮ፣ እኔ ዲዳ፤
ተፋጠን እንቀመጣለን እንደ ባለ ዕዳ።

ሐሙስ ይማም እብሬ ከተሁለደሬ መጡ፣
ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል ተክለው ተቀመጡ።
«ባሕር ዛፉን ቆርጦ ድንበር የገፋው ማን ነው?» ብዬ ስጀምር
«ወንድሜ ነው» አሉ።
ስሙን ስጠይቅም
«ወንድሜ ነው» አሉ ደግመው፣ ድምፃቸው ሲሰበር።
«አብሽሩ» አልኳቸው።
ማሽኑ ከክሱ መሃል «አብስሩ» ብሎ አኖረው።

«ሰርዝ» ልል ስል «ምን አለ?» አሉኝ።
አነበብኩላቸው።
ዝም አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፤
ማሽኑ ዝናቡን ቃል መስሎት ሁለት ፊደል ይጥላል፣ ያነሣል።
«ይቆይ» አሉ። «ዳኛው ያንብቡት።
እስከ ቀጠሮው ድረስ ሰው ምን ያውቃል።»

ወረቀቱ ወጣ። ከታች የእሳቸው አሻራ፣
ከጎኑ የጸሐፊዋ፤ የእኔ ተራ።
ስንቱን አውራ ጣት እኔ ይዤ ከቀለም ነከርኩ፣
ስንቱን ገበሬ «እዚህ ጋ ይጫኑ» አልኩ።
አሁን እሳቸው ሻካራ እጃቸውን ዘርግተው፣
የማይታዘዘኝን ጣቴን እንደ ጫጩት አንሥተው፣
«እዚህ ጋ?» አሉኝ።

«እዚያው ጋ» አልኩ።
ማይኩን አልዘጋሁትም ኖሮ
እሱንም ጻፈው